ከነልጣጩ፦ ብርቱካናማ ወይን ለጅማ ሰው

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ አንድ ምሽት ለቡና ቀማሾች፣ ለሆቴል ሠራተኞችና ለወዳጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። በአፍ እንደተነገረው እንዲቆይ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ። አካም ጅርቱ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይህን ጠርሙስ ልክፈተው። አንድ ሰዓት ያህል አየር ማግኘት አለበት። እስከዚያ የእኔም ንግግር ያልቃል።

ፊታችሁ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ። ስኳር የለውም፤ እባካችሁ አትጨምሩበት። በግራ በኩል ያለው ቅጠሉ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ የተጠለለ ነው። በቀኝ ያለው ሩብ ሰዓት ሙሉ ከነቅጠሉ ተቀምጧል። ቅጠሉ ያው ነው፣ ውሃውም ያው። የሚለያቸው ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የግራውን ቅመሱ። አሁን የቀኙን።

ያ ድዳችሁን ጨመደድ ያደረገው፣ ምላሳችሁን ያደረቀው ነገር ታኒን ይባላል። ያልበሰለ ሙዝ ገምጦ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር እየተያያዘ የአፋችንን ልስላሴ ይወስዳል። ስለዚህ ከጣዕም ይልቅ በአፍ የሚዳሰስ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ወይን ጠጅ አወራለሁ ብዬ ጠርቻችሁ በሻይ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አልኮል የማይጠጡ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ጅማ ነን። ዛሬ የማወራው ነገር ዋናው ቁም ነገር ሻዩና ቡናው ውስጥ ስላለ፣ የማይጠጣ ሰው አንድም ነገር አይቀርበትም። ጠርሙሱ ለፈለገ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። "ብርቱካናማ ወይን" ሲባል ብዙ ሰው ከብርቱካን የተጠመቀ ይመስለዋል። ጠብታ ብርቱካን የለበትም። ስሙ የመልኩ ነው። ነጭ ወይን ከሚሠራበት ፍሬ፣ ማለትም ቆዳው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከሆነው ወይን፣ ከነልጣጩ ተጠምቆ የሚወጣ ወይን ጠጅ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ዴቪድ ሃርቪ የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2004፣ የጣሊያን ደሴት በሆነችው ሲሲሊ ውስጥ አንድ ጠማቂ ዘንድ ይሠራ በነበረበት ጊዜ። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። አሠራሩ ግን ከስሙ በብዙ ሺህ ዓመት ይበልጣል። እኔ ጅማ ላይ ቆሜ ስም አውጣ ብባል "የጠጅ መልክ" እለው ነበር። በብርሌ ቢቀዳ በዓይን ብቻ ከጠጅ የሚለየው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እስቲ ከፊታችሁ ካለው ዘለላ አንድ ፍሬ አንሡ። በሁለት ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ውስጡ ሹልክ ብሎ ይወጣል። እሱን ወደ ጎን አኑሩትና ልጣጩን ብቻ አኝኩ። ቀስ እያላችሁ። መጀመሪያ ትንሽ ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ መራራ ይሆናል፤ ከዚያ አፍ ይይዛል። የቀኙ ሻይ መጣ አይደል? አሁን ውስጡን ቅመሱት። ውሃማ፣ ጣፋጭ፣ ኮምጠጥ ያለ። ምንም አይይዝም። ቀለሙ፣ ታኒኑና ከሽታው ብዙው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የቀይ ወይን ፍሬም ቢሆን አብዛኛው ዓይነት ሲጨመቅ ጭማቂው ቀለም የለውም፤ የሚቀላው ከልጣጩ ነው።

እንግዲህ ነጭ ወይን ሲሠራ ፍሬው እንደተለቀመ ይጨመቃል፤ ልጣጩ ይጣልና ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ቀይ ወይን ሲሠራ ቀዩ ፍሬ ከነልጣጩ ይፈላል። ሮዜ ደግሞ ቀይ ፍሬ ሆኖ ልጣጩ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነክቶት የተነሣለት ነው። ብርቱካናማው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ነጭ ፍሬ ተይዞ እንደ ቀይ ይጠመቃል። አሠራሩ ይኸው ነው።

እናንተ ደግሞ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። በሌላ ስም ነው የምታውቁት።

ቀይ እሸት ቡና ከዛፉ ሲለቀም ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው፣ በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ገብቶ ይፈለፈላል፤ ልጣጩ ይወገዳል፤ ዝልግልጉ ገንዳ ውስጥ ብላልቶ ይታጠባል። ሲቀመስ ጥርት ያለ ነው፤ አሲዱ ብሩህ ነው። ሁለተኛው፣ ከነልጣጩ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ፀሐይ ይመታዋል። ጀንፈል ይሆናል። ከዚያ ነው የሚቀሸረው። ይሄኛው ሲቀመስ ወፈር ይላል፤ አፍ ይሞላል፤ የፍራፍሬ ሽታው ጎልቶ ይወጣል። ዛፉም ፍሬውም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ቡና ይጠጣል።

ነጭ ወይን የታጠበው ነው። ብርቱካናማው ጀንፈሉ ነው። ምሳሌ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ከቡናው የምንፈልገው ዘሩን ነው፣ ከወይኑ ጭማቂውን። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ልጣጩ ስንት ጊዜ ይቆይ?

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለው። ጥንስስ ተጥሎ፣ ድፍድፍ ሆኖ፣ ጠጣሩና ፈሳሹ አብረው ከርመው ነው ጠላ የሚሆነው። ጌሾ ጠጅ ውስጥ አንድ ቀን ሲበዛበት እንዴት እንደሚመር ጠጅ ጣይ እናት ትነግራችኋለች። ቀኑን የምትቆጥረው በቀን መቁጠሪያ አይደለም፤ በአፏ ነው። ብርቱካናማ ወይን የሚጠምቅ ሰውም እንደዚያው ነው። ሦስት አራት ቀን ያቆየው እንደሆነ መልኩ ትንሽ ደመቅ ይላል፣ ሽታው ይጨምራል፣ አፍ ግን ብዙም አይይዝም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆን መያዝ ይጀምራል። ወራት ሲቆይ ሌላ መጠጥ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት በ2020 ለዚህ ዓይነቱ ወይን መለያ ሲያወጣ ልጣጩ ቢያንስ አንድ ወር እንዲቆይ ነው ያስቀመጠው። ገበያ ላይ ብርቱካናማ ተብሎ የሚሸጠው ግን ከዚያ ያነሰ የቆየውም አለበት።

አሁን ወደ ጆርጂያ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ።

ጆርጂያ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለች የኦርቶዶክስ አገር ነች፤ እንደ እኛው የራሷ ፊደል አላት። ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ በስተደቡብ ከጥንታዊ መንደሮች ፍርስራሽ በተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ርዝራዥ ተገኝቷል። ውጤቱ በ2017 ታትሟል። ዕድሜው ወደ 8,000 ዓመት ይጠጋል።

ዛሬም የሚጠምቁት በሸክላ ነው። ክቨቭሪ ይሉታል። እኔ ጋን እለዋለሁ፤ ጋን ነውና። ከእኛ ጋን የሚለየው መጠኑና አቀማመጡ ነው። ሰው ውስጡ ቆሞ የሚያጥበው ትልቅ አለ፤ ብዙ ሺህ ሊትር ይይዛል። ቅርጹ እንቁላል ነው፤ ታቹ ሾጠጥ ይላል። እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከላይ ስታዩት ወለሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። አፈሩ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ በጋ አያሞቀውም፣ ክረምት አያበርደውም። ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። እኛ ጋናችንን በወይራ እናጥናለን፤ እነሱ ሰም ይቀባሉ። ማር በሚቆረጥበት አገር ሰም ምን እንደሚሠራ አላስረዳም።

በምሥራቁ ክፍል፣ ካኼቲ በሚባለው፣ ፍሬው ተጨፍልቆ ጭማቂው፣ ልጣጩ፣ ዘሩ፣ አንዳንዴም የዘለላው እንጨት ሳይቀር አብሮ ይገባል። መፍላት ሲጀምር ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። አፉ ላይ እንደ ወፍራም ክዳን ይሰበሰባል። ያን ክዳን በቀን ብዙ ጊዜ በረጅም እንጨት ወደ ታች መስመጥ ያስፈልጋል። ካልሰመጠ ይደርቃል፤ ኮምጣጤ ይሆናል። ሌሊት ጭምር የሚነሡለት ሥራ ነው።

ፍላቱ ሲያበቃ የሚሆነው ነገር በጣም ይገርመኛል። ጋዙ ስለሌለ ልጣጩን የሚያንሳፍፈው ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ ዘሩ ይሰምጣል። ከባድ ስለሆነ ሾጣጣው ታች ይከማቻል። ልጣጩና አተላው በላዩ ይተኛሉ፤ ይሸፍኑታል። ዘሩ ከሁሉም የሚመረው ክፍል ነው። እንግዲህ የጋኑ ቅርጽ ራሱ መራራውን ነገር ታች ቀብሮ ከወይኑ ለየው ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሸክላ ሠሪ ስሙን ማንም አያውቀውም። እኛም ጋር እንደዚህ ያሉ ስም የሌላቸው ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪ ብለን ስንንቃቸው ኖርን። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ከዚያ ክዳን ተደርጎ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ አምስት ስድስት ወር ይተዋል። በፈረንጆቹ ጸደይ ይከፈታል። በሶቪየት ዘመን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በብዛትና በፍጥነት ይሠሩ ነበር፤ ጋኑን ያቆዩት ቤተሰቦች ናቸው፣ በየጓሯቸው። በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ጠጅ ከገበያዋ ስታግድ አገሪቱ ከባድ ችግር ላይ ወደቀች፤ ሌላ ገዢ መፈለግ ግድ ሆነ። ያ የጓሮ ጋን ያኔ ነው ለሌላው ዓለም የሚታይ ነገር የሆነው። በ2013 ዩኔስኮ አጠማመቁን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

ጣሊያንም ውስጥ ታሪክ አለ፤ እሱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦስላቪያ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፣ ከስሎቬኒያ ጋር በሚዋሰነው ጫፍ። እዚያ ሪቦላ ጃላ የሚባል ልጣጨ ወፍራም ነጭ ወይን ይበቅላል። ስታንኮ ራዲኮን የሚባል ጠማቂ በ1995 ከነልጣጩ ማቆየት ጀመረ። አያቱ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ወይኑ ዓመት እንዲዘልቅላቸው። ጎረቤቱ ዮስኮ ግራቭነር ደግሞ በ2000 ጆርጂያ ድረስ ሄዶ ጋኑን አይቶ ተመለሰ። በ2001 የራሱን ጋኖች ቀብሮ መጥመቅ ጀመረ። ነጭ ወይን ማለት የጠራና ቀለል ያለ ነው ብሎ የለመደ ብዙ ሰው ፊት ነሳው። እሱ አልተመለሰም።

ፊት የነሳው ያ ሰው እኔም ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እራት ተጋብዤ ሄድኩ። አስተናጋጁ ይህን ዓይነት ወይን ቀዳልኝ። ጠጅ የመሰለ መልክ፣ ትንሽ ጉሽ፣ ሽታው ግራ የሚያጋባ። አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩና "ተበላሽቷል፣ መልሰው" አልኩት። ልጁ ምንም አላለም። ወሰደው። ነጭ ወይን እጠብቅ ነበር፤ በነጭ ወይን ሚዛን መዘንኩት፤ ጣልኩት።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልመጣልኝም። ምክንያቱም ይህንኑ ነገር ሌሎች በእኛ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ብዙ ዓመት ቡና ቀምሻለሁ። "ጅማ 5" የሚለውን ስም እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የውጭ ገዢ ዘንድ ተራ ቡና፣ ለመደባለቂያ የሚሆን ቡና ማለት ነበር። የአፈር ሽታ አለው፣ ያልበሰለ አለበት፣ ወጥ አይደለም ይባላል። የሚያናድደው ደግሞ፣ "ያልታጠበ ስለሆነ ነው" ተብሎ ጥፋቱ በልጣጩ ላይ መላከኩ ነው።

ጥፋቱ የልጣጩ አልነበረም። አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ ሸምጥጦ መልቀም ነበር ጥፋቱ። መሬት ላይ ማስጣት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሳይሸፍኑ መተው፣ ሳያገላብጡ ማሳደር ነበር። ቀዩ ብቻ ተለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ ቀን እየተገላበጠ፣ ማታ እየተሸፈነ የደረቀ የጅማ ጀንፈል ቀምሳችኋል። የት አገር ቡና ፊት ነው አንገቱን የሚደፋው?

ስለ ብርቱካናማ ወይንም ማለት የምፈልገው ይህንኑ ነው። ልጣጭ ያለውን ሁሉ ያወጣል። ፍሬው ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናውን፣ የበሰበሰ ካለበት ብስባሹን። ነጭ ወይን ላይ ልጣጩ ቶሎ ስለሚነሣ አንዳንድ ጥፋት አብሮት ይሄዳል። እዚህ ግን የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጉሽ ስለሆነና እንግዳ ስለሸተተ ብቻ ጥሩ ነው ብላችሁ አትቀበሉ፤ በዚያው ምክንያትም አትጣሉት። ኮምጣጤ አፍንጫ ከነካችሁ፣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተታችሁ፣ ያ ጥፋት ነው። የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፣ ማር፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ለውዝ፣ የበሰለ ኮክ፣ የደረቀ ሣር ከሸተታችሁ፣ ያ ራሱ ወይኑ ነው።

አንድ ነገር በዚሁ ላጥራ፤ ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። ምንም ሳይጨመርበት የሚጠመቅ ወይን የሚባል ሌላ ነገር አለ። ብርቱካናማ ሁሉ እንደዚያ አይደለም። ብርቱካናማ ማለት ልጣጩ ቆይቷል ማለት ብቻ ነው። ተጣርቶ የጠራ፣ መጠበቂያ የተጨመረበት ብርቱካናማም አለ። ጉሹም አለ።

ለሆቴል ሠራተኞች የምለው አለኝ። እባካችሁ ይህን ወይን በረዶ አታድርጉት። ታኒን ሲበርድ ይከፋል፤ አፍ ይቧጥጣል፤ ሽታውም ይደበቃል። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ጥሩ ነው። ፍሪጅ ከነበረ ከመቅዳታችሁ ከሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ በፊት አውጡት። ቀደም ብላችሁ ክፈቱት። ሆዱ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቅዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእንግዳው አስቀድማችሁ ንገሩት። "ነጭ አይደለም፤ ከነልጣጩ የተጠመቀ ነው፤ ትንሽ አፍ ይይዛል" በሉት። ይህችን አንዲት ቃል ያ አስተናጋጅ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆውን አልመልስም ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ለእሱም የነገረው የለም።

ከምግብ ጋርስ? ታኒን ቅባት ይወዳል። ቅቤ አፍን ሲያለሰልስ ታኒኑ ያጸዳዋል፤ እንደገና ትጎርሳላችሁ። ስለዚህ ገንፎ በቅቤ፣ ጭኮ፣ ክትፎ ከነአይቡ፣ የበግ አልጫ ከዚህ ወይን ጋር ደስ ይላሉ። የእንጀራው ኩምጠትም ይስማማዋል። በርበሬው የበዛ ቀይ ወጥ ላይ ግን ከብዙ ሰው እለያለሁ። ልጣጩ ወራት ከቆየበት ወይን ጋር ስሞክረው ቃጠሎውን አባሰብኝ እንጂ አላበረደውም። ለዶሮ ወጥ ልጣጩ ጥቂት ቀን ብቻ የቆየበትን ምረጡ። ሞክሩና ንገሩኝ፤ አፍ ይለያያል።

የእኛ አገር ወይንስ? በፋብሪካ ወይን ጠጅ ማምረት ከጀመርን ቆይተናል። ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ፣ ሻርዶኔ የሚባል የነጭ ወይን ፍሬ እርሻ አለ፤ ነጭ ወይን ይወጣበታል። ለቁርባንም ዘቢብ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ይዘጋጃል፤ ያም ከነልጣጩ ነው። ከዚያ የባቱ ሻርዶኔ አንድ ጋን ብቻ ተወስዶ ልጣጩ ሦስት ሳምንት ቢቆይበት ምን እንደሚሆን ማየት እመኛለሁ። ጋን የሚሠሩ እጆች አሉን። ሰም አለን። ፍላትን በአፍ የሚለኩ እናቶች አሉን። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ የሚሞክር ሰው ካለ ዛሬ ማታ ከመሄዱ በፊት ያነጋግረኝ።

ሰዓቱ ደርሷል፤ ጠርሙሱ በቂ አየር አግኝቷል። የካኼቲ ነው፤ ርካጺቴሊ ከሚባል ፍሬ፣ በጋን የተጠመቀ። ለማይጠጡት ደግሞ ጥግ ላይ ከአንድ ማሳ ቀይ እሸት የተዘጋጁ ሁለት ቡናዎች ተፈልተዋል፤ አንዱ የታጠበ፣ አንዱ ጀንፈል። መልካቸው ስለሚመሳሰል የቱ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ስትቀምሱ እንደ ቡና ቅምሻ ሳብ አድርጉት፤ ድምፅ ይኑረው፣ አትፈሩ። አፋችሁ ውስጥ አሽከርክሩት። ከዚያ ዝም በሉና ድዳችሁን ስሙት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያንኑ ብርጭቆ ድገሙት፤ ሞቅ ሲል ይለወጣል። ግራው ሻይ ከተረፋችሁ በመሃል አፍ ማጠቢያ ይሆናችኋል። እሺ፣ ከዚህ ከፊት ወንበር እንጀምር።